ተቀመጥ ያሉት ሰው

አባተ ቢተው ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። እርሻ በሌለበት ወራት እንኳ ዶማውን ይዞ ቦይ ሲቀድ፣ አጥር ሲያጥር፣ የጎረቤት ካብ ሲክብ ይውላል። ገበያ ሲወጣ የራሱ ሸክም አይበቃውም፤ መንገድ ላይ ያገኛትን አሮጊት እህልም ትከሻው ላይ ይጨምራል። በገና ጨዋታ ሩሯን ይዞ ከላይኛው መስክ ወደ ታችኛው ሲወርድ የሚደክሙት ጎረምሶቹ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ሚስቱ እታገኘሁ፣ "ምነው፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" እያለች ትስቅበት ነበር።

ልጆቻቸው ሁለት ነበሩ። መለሰ ፊደል ጨርሶ ዳዊት የጀመረ ልጅ ነው። እንቁ ደግሞ ጥርሷን መንቀል ያልጀመረች፣ ከአባቷ ጀርባ መውረድ የማትወድ ቅምጥል ነበረች። አባተ የትም ሲሄድ አዝሏት ይሄዳል። ሰው፣ "የልጅ እናት ጠፍታ ነው?" ብሎ ቢቀልድበት፣ "እሷ ከሌለች መንገዱ ይረዝምብኛል" ይላል።

የሰባ ስድስቱ በልግ ቀረ። ክረምቱም ዘነበ ሲሉት የማይዘንብ ሆነ። እህሉ ከአገዳው ሳያልፍ ደረቀ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ በጎቹ፣ ቀጥሎ ላሚቱ፣ በመጨረሻ በሬዎቹ ለእህል ተለወጡ። ጥር ላይ መለሰ ተቅማጥ ያዘው። ጠበል ተረጨ፣ የተገኘው ሁሉ ተሞከረ፣ አልሆነም። ልጁ ሲሞት መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው እስኪገኝ ድረስ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆየ። በመጨረሻ የቆፈረው አባቱ ነው።

ከዚያ በኋላ፣ "አቀስታ የእርዳታ እህል ገብቷል፣ መጠለያም ተሠርቷል" የሚል ወሬ መጣ። አባተ እንቁን በጋቢ አዝሎ ከሚስቱ ጋር ተነሣ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ዳር ላይ ተቀምጧል። የተቀመጠው ብዙ ጊዜ አይነሣም። አባተም ይህን አይቶ ሚስቱን፣ "አደራ፣ እንዳትቀመጪ" ይላታል። እንቁ በየመሐሉ ከጋቢው ውስጥ ትጠይቃለች።

"አባዬ፣ ደረስን?"

"ደረስን እንቁዬ። ያቻት እኮ።"

የለጋምቦ ደጋ ላይ ሲደርሱ ብርድ ከነነፋሱ ተቀበላቸው። ዳገቱን ሲጨርሱ እታገኘሁ ከኋላ ሆና ከጋቢው የወጣውን የልጅቷን እግር ልትሸፍን ያዘችው። እግሩ ቀዝቅዟል። ወደ ላይ ዘልቃ ጉልበቷን ነካች፤ እሱም ቀዝቅዟል። ከንፈሯን ነክሳ እግሩን ሸፈነችና መሄዷን ቀጠለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

አባተ ግን ልጁ ተኝታለች ብሎ ትንሽ እየቆየ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ደረስን እንቁዬ፣ ደረስን" ይል ነበር።

መጠለያው በር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ልጅቷን ከጀርባው ለማውረድ እጇን ሰደደች። ነካ አደረገቻትና እጇን ሰበሰበች። "አያ፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ" አለችው። አባተ ወደ ሚስቱ ዞረ። እታገኘሁ መሬት መሬት ታይ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባው። ልጁ ሞታለች፤ ሚስቱም አውቃ ዝም ብላለች። ተቀመጠ።

እንቁን እዚያው አቀስታ ቀበሯት። ባልና ሚስቱ በእርዳታው ስንዴ ነፍሳቸው ተረፈች። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲመለስ ዘር ተሰጥቷቸው ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ግን አቀስታ ላይ የተቀመጠው አባተ ልቡ አልተነሣም። ቤቱ እንደገባ መደቡ ላይ ወጣ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ወገኖቼ፣ ሐዘንተኛን ማስቀመጥ ክፉ ልማድ ነው ብዬ አልጀምርም። የሞተበት ሰው ይቀመጣል፣ ጎረቤት እህል ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አብሮት ያለቅሳል። ይህ ከአባቶቻችን ያገኘነው መልካም ነገር ነው። ያልተለቀሰ ሐዘን ውስጥ ውስጡን ይበላል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዘንተኛው እስከ መቼ ይቀመጥ? ማንስ ያስነሣው? የአባተን ታሪክ የምነግራችሁም ስለዚህ ነው። የነገረችኝ ራሷ እታገኘሁ ናት።

የአባተ ታላቅ እኅት ብዙዬ ወግዲ ያገባች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አባተን ያሳደገችው እሷ ናት። የደረሰበትን ስትሰማ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። ወንድሟን ስታየው አቅፋው ጮኸች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመደቡ ጠባቂ ሆነች። ውሃ እጁ ድረስ ታቀርባለች፤ እግሩን ታጥባለች፤ ወደ ውጭ ለመውጣት ከሞከረ ትከሻውን ይዛ ትመልሰዋለች።

"ተቀመጥ የኔ አባት" ትለዋለች። "ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ምን እግር አለውና ይቆማል? ሥራው በኔ ይሁን። አንተ ዕረፍ።"

ጎረቤትም ይህንኑ ነው የሚለው። መሬቱን በወንፈል አርሰው ዘሩለት። አርባው ወጣ፣ ተዝካሩም እንደ አቅሚቲ ተደረገ፣ አባተ ግን ያው መደቡ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲያለቅስ ይሰማ ነበር፤ ኋላ ልቅሶውም ቀረ። ሲያናግሩት ዘግይቶ ይመልሳል። እህል አይጥመውም። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይነቃም። ያ የድንጋይ ካብ የሚያህል ትከሻ በልብሱ ውስጥ ጠፋ።

እታገኘሁም እንደ እሱ ተቀምጣ ነበር። እንዲያውም እሷ ከሐዘኑ ሌላ የባሏን ዝምታ ጨምራ ተሸክማለች። ከአቀስታ ወዲህ ዓይኑን ዓይኗ ላይ አላሳረፈም። እሷም አትጠይቀውም። ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ በየግድግዳቸው ተቀመጡ።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ገበሬ ማኅበሩ የእርከን ሥራ ጀመረ። ተራራውን በድንጋይ ካብ ለሚደለድል ሰው ስንዴና ዘይት ይሰጣል። ቤቱ ውስጥ እህል ስለጠበበ እታገኘሁ መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች። ብዙዬ በሩ ላይ ቆመች።

"ወዴት ነው?"

"እርከን ሥራ እትዬ።"

"ልጆችሽን ቀብረሽ ድንጋይ ልታንከባልዪ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። ሞሰቡ ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ፤ ባዶ ነው" አለችና አልፋት ወጣች።

የመጀመሪያው ቀን ከበዳት። ድንጋይ ባነሣች ቁጥር እንባዋ አብሮ ይወርዳል። ከጎኗ የምትሠራው በለጡ የምትባል ጎረቤቷ ምንም ሳትላት ድንጋዩን ትቀባበላት ነበር። ማታ ቤቷ ስትገባ ሰውነቷ ዝሎ ነበር። እንደተጋደመች ግን እንቅልፍ ወሰዳት። ከአቀስታ ወዲህ እንደዚያ ተኝታ አታውቅም። በማግሥቱ እንደገና ሄደች። ሳምንቱ ሲያልቅ ከሴቶቹ ጋር ስትወጣና ስትወርድ ስለ መለሰ ማውራት ጀመረች። ተቀምጣ ሳለ ስሙን መጥራት አይሆንላትም ነበር፤ እየሄደች ሲሆን ግን ቃሉ ከእርምጃዋ ጋር ይወጣል።

"ሐዘኑ ቀለለሽ?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"ሐዘኑማ ያው ነው" አለችኝ። "ትከሻዬ ነው የቻለው።"

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ባሏን ትክ ብላ አየችው። እሷ ከገባችበት ጉድጓድ ወደ ላይ ጥቂት ከፍ ስትል፣ እሱ የቱን ያህል እንደወረደ ያን ጊዜ ነው የታያት። ብዙዬን ለምና አስለምና መካነ ሰላም ክሊኒክ እንዲወሰድ አደረገች። ብዙዬ የተስማማችው በቃሬዛ ከሄደ ብቻ ነው። መራመድ የሚችለውን ሰው አራት ጎረቤቶች ተሸክመው ወሰዱት።

የጤና ረዳቱ ካሳ ደረቱን አዳመጠ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ ብዙ ጠየቀው። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች ወደ ውጭ ጠራቸው።

"የልብም የሳንባም በሽታ አላገኘሁበትም" አላቸው። "ያመመው ሐዘኑ ነው። ሐዘን ደግሞ ያማል፤ ማስመሰል አይደለም። ለዚህ የሚሆን ኪኒን እኔ ዘንድ የለም። አሁን እህል ካገኘ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ። ጧት ጧት ፀሐይ ስትወጣ አብራችሁት ውጡ። መጀመሪያ እስከ ደጅ፣ ኋላ እስከ ወንዝ። ሲጠነክር ዶማ ያዙለት። ሰውነት ሲሠራ እንቅልፍ ይመጣል፣ ምግብ ይጥማል። እነዚህ ሲመለሱ የጨለመ ሐሳብም እየሳሳ ይሄዳል። ሰው ሲቀመጥ እኮ ሐሳቡ ብቻውን ነው የሚሮጠው።"

ብዙዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ሳበች። "ለሐዘንተኛ ስፖርት ልታዝዝ ነው ወይ አንተ? እኔ መድኃኒት ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ስፖርት ይበሉት፣ ሥራ ይበሉት እናቴ፤ መድኃኒቱ እሱ ነው። ብቻ አያስተኙት።"

ብዙዬ መንገዱን ሁሉ ስታጉረመርም ተመለሰች። "ልጅ ወልዶ ያልቀበረ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው" አለች።

ግንቦት ላይ ወግዲ ዘመድ ሞቶባት ብዙዬ ለልቅሶ ሄደች። እታገኘሁ ይህን ጊዜ ጠበቀች። በማግሥቱ ጧት ከመደቡ ሥር ቆማ እጇን ዘረጋች።

"የመለሰ አባት፣ ተነሥ። እስከ ደጅ ብቻ።"

አባተ ረጅም ጊዜ እጇን አየው። ከዚያ ያዘው። ደጅ ወጥቶ ፀሐዩ ሲያገኘው ዓይኑን ጨፈነ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ጥቂት ቆመና ተመለሰ። በማግሥቱ እስከ አጥሩ፣ ሌላ ቀን እስከ ባህር ዛፎቹ ሄዱ። ሲሄዱ አያወሩም። እሷ ትንሽ ትቀድማለች፣ እሱ ይከተላታል። ሲደክመው ቆማ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ወንዙ ድረስ ወርደው ሲመለሱ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ያን ማታ እራት ቀርቦለት ጎረሰና፣ "ዛሬ ወጡ ጨው በዝቶበታል" አለ። እታገኘሁ ወደ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። ከአንድ ዓመት በላይ ጨው ይብዛበት፣ ጨው ይነሰው የማያውቅ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መንገድ ላይ የጠየቃት። ወደ ፊቱ እያየ፣ እርምጃውን ሳያቋርጥ ጠየቃት።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

እታገኘሁ ስለ ምን እንደሚጠይቃት ወዲያው ገባት። "ዳገቱ አናት ላይ" አለችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትቀመጥ ነበር። ያን ቀን የተቀመጠ ሰው ሲነሣ አላየሁም። አንተንም እንዳላጣ ፈራሁ።"

ብዙ ሄዱ። "እኔ እኮ ፈጥኜ ባልሄድ ነው የሞተችው እያልኩ ነው የኖርኩት" አላት በመጨረሻ። "እግሬን ጠልቼው ነበር።"

"ያን ዳገት በባዶ ሆድ የወጣ እግር ምን ጥፋት አለበት? የገደላት ረሃቡና ብርዱ ነው።"

አባተ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ከቆመበት አለቀሰ። እሷም አብራው አለቀሰች። መደቡ ላይ ደርቆ የነበረው እንባ መንገድ ላይ መጣ። ሲያበቃ ፊቱን በጋቢው ጠረገና፣ "እንሂድ" አላት።

በሰኔ መጀመሪያ አባተ ዶማ ያዘ። ከጓሮው ጥግ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እየቆፈረ ባቄላ የሚዘራበትን መሬት አለሰለሰ። እታገኘሁ፣ "ያን ሰሞን ባሌ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር" ብላኛለች።

ብዙዬ ከወግዲ የተመለሰችው በዚያ ሰሞን ነው። ከሩቅ ወንድሟን ሲቆፍር ስታየው ስልቻዋን መሬት ላይ ጥላ እየጮኸች መጣች።

"አባተ! የልጆችህ ዐፅም ሳይደርቅ ጓሮ ለጓሮ ትፏልላለህ? እኔ በየልቅሶው 'ወንድሜ በሐዘን ተሰበረ' እያልኩ ሳለቅስ፣ ለካ አንተ ረስተሃቸዋል!"

"አልረሳሁም እትዬ" አለ አባተ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"ሰውን እያነሡ ሩቅ አገር የሚወስዱበት ሰፈራ እንደገና ሊጀመር ነው እየተባለ ነው። 'ጤነኛ ነው፣ ይቆፍራል' ብለው መኪና ላይ ቢጭኑህስ? እኔ ማን አለኝ? ግባ፣ ግባ ወደ ቤት!"

እታገኘሁ መሐል ገባች። "እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ተዉት። እየዳነ ነው። እህል መብላት ጀምሯል፣ መተኛት ጀምሯል።"

"አንቺ ዝም በይ! አንቺ ልጅሽ ስትሞት እንኳ ዝም ብለሽ የሄድሽ ሴት ነሽ።"

ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ መንደር ውስጥ የማይወራ ነገር የለም። ቃሉ ግን እታገኘሁን ብቻ አይደለም ያገኘው። ዶማው ከአባተ እጅ ወደቀ። ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው በአጥሩ ላይ ያዩ ነበር። አንዱ፣ "እውነቷን ነው፣ ትንሽ ቢታገሥ ምን ነበረበት" ሲል ተሰማ። አባተ ለሰው አንገቱን ደፍቶ የማያውቅ ሰው፣ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ገባ። መደቡ ላይ ወጣና ፊቱን መለሰ።

እታገኘሁ ተስፋ አልቆረጠችም። ጧት ጧት እጇን ትዘረጋለች። እሱ ግን፣ "ተዪኝ፣ ሰው ያያል" ይላታል። ሽማግሌ ልካ ነበር። ሽማግሌዎቹም፣ "የሥጋ እኅቱ ናት፣ ያሳደገችው ናት፣ ከእሷ በላይ ማን ያዝንለታል?" ብለው ተመለሱ። ክረምቱ ገባ። ቤቱ ረጠበ፣ ጭጋጉ እስከ ቀትር አይነሣም። አባተ እህል መብላቱን እንደገና ተወ። እየከሳ ሄደ። መስከረም ሲጠባ ሳል ጀመረው፤ ትኩሳትም ተከተለው። እታገኘሁ ሮጣ ካሳን አመጣችው። ካሳ መርፌ ወጋው፣ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ሲወጣ ለእታገኘሁ እንዲህ አላት፦ "የሳንባ ምች ነው፤ በብርቱ ሰውነት ቢሆን እንታገለው ነበር። አሁን ሰውነቱ የሚታገልበት አቅም የለውም። ፈቃዱም የለ።"

በመጨረሻው ቀን ጧት አባተ ራሱ እጁን ዘረጋ።

"እታገኘሁ፣ አንሺኝ" አላት። "ዛሬ እንሂድ። እስከ ወንዙ።"

እሷ በአንድ ወገን፣ ብዙዬ በሌላ ወገን ሆነው አነሡት። እግሩ አልታዘዘውም። በሩ ድረስ አድርሰው መቃኑን አስደገፉት። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ጥቂት አየና፣ "ሩቅ ነው ለካ" አለ። ቀትር ሳይሆን ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ብዙዬ ወንድሟ በተኛበት መደብ ላይ ወጣች። ፊቷንም እንደ እሱ መለሰች። አታወራም፣ አትታጠብም። ጎረቤት መጥቶ፣ "ትቀመጥ፣ ሐዘንተኛ ናት" ብሎ ይሄዳል። እታገኘሁ በዚያ ጊዜ ቤቱን ጥላ ወደ ዘመዶቿ ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም ነበር። ቂሟ አንገቷ ድረስ ሞልቷል። ምግብ ታቀርብላታለች፤ ቃል ግን አትነግራትም። ጧት ወደ እርከን ሥራዋ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች።

ወራት አለፉ። አንድ ጧት እታገኘሁ ልትወጣ ስትል ብዙዬ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ "ተቀመጥ፣ የኔ አባት፣ ተቀመጥ" እያለች ስታንሾካሹክ ሰማች። መቀነቷን መልሳ ፈታችና ወደ መደቡ ሄደች። እጇን ዘረጋች።

"ይነሡ እትዬ።"

ብዙዬ ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኗ ጎድጉዷል። "አንቺ እኮ ልትጠይኝ ይገባሻል" አለቻት።

"እጠላዎታለሁ። ይነሡ።"

አሮጊቷ እጇን ይዛ ተነሣች። ያን ቀን እስከ አጥሩ ሄዱ። በማግሥቱም እታገኘሁ መጣች፤ በማግሥቱም። ብዙዬ መጀመሪያ በእልህ ነበር የምትሄደው፤ "ሞቴን ለማፋጠን ነው የምታወጪኝ" ትል ነበር። ቀናት ሲያልፉ ግን ሳታስበው ተኝታ ማደር ጀመረች። እህል አማራት። ከበለጡ ቤት ፊት ለፊት ሲያልፉ ቆማ ሰላምታ ሰጠች። ሰውነቷ ሲሞቅ ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ትንሽ ወደ ጎን እንደሚል ታወቃት።

አንድ ቀን ወንዙ ዳር ደርሰው ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ብዙዬ እጇ ላይ ያለውን ውሃ እያየች ቆየች።

"እታገኘሁ።"

"አቤት።"

"ይሄ ነው? ለሱም እንዲህ ይቀለው ነበር?"

እታገኘሁ መዋሸት ትችል ነበር። "አዎ እትዬ" አለቻት። "እንዲህ ይቀለው ነበር።"

ብዙዬ ወንዙ ዳር ዘጭ አለች። ደረቷን እየደቃች፣ "ወንድሜን እኔ አሰርኩት! በእጄ አሳድጌ በእጄ አሰርኩት!" እያለች ጮኸች። እታገኘሁ አጠገቧ ቆማ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። አላጽናናቻትም። ጩኸቱ ሲበርድ ግን በብብቷ ይዛ አነሣቻት። "እዚህ መቀመጥ የለም። ዳገቱን አብረን እንወጣለን" አለቻት። እየተደጋገፉ ወጡት። ብዙዬ ከዚያን ቀን ወዲህ እታገኘሁን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ "ልጄ" ነው የምትላት።

እዚያው መንደር ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ዘምቶ ከሰሜን መርዶው መጣ። ይታይሽ አርባው ካለፈም በኋላ አልተነሣችም። ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ሁሉም፣ "ተይ አትንቀሳቀሺ፣ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ተቀመጪ" ሲሏት፣ ብዙዬ በበትሯ ተደግፋ ከእታገኘሁ ጋር ገባች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። አልተቀመጠችም።

"ስሙኝ" አለች። "እኔ ወንድሜን በመውደድ ነው የገደልኩት። ሰው ይፍረድብኝ፤ ግን ይስማኝ። ተቀመጥ አልኩት፤ ተቀመጠ፤ ሞተ። የጤና ረዳቱ አንቀሳቅሱት ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ ናቅሁት። ሚስቱ አንሥታው ነበር፤ እኔ መለስኩት። ማልቀስ አለባት፣ ታልቅስ። እየሄዱም ይለቀሳል፣ እየቆፈሩም ይለቀሳል። የሞተው በኛ መንቀሳቀስ አይረሳም።"

አንዲት ሴት፣ "ሰው ምን ይላል እትዬ?" አለች።

"ሰው ምን እንደሚል እኔ አሳምሬ አውቃለሁ፤ የምለው እኔ ነበርኩ" አለቻት ብዙዬ።

ወገኖቼ፣ እግር የሞተን አይመልስም። የሮጠ ሁሉ ይድናል፣ የቆፈረ ሁሉ ሐዘኑን ይረሳል አልላችሁም፤ ለደከመ ሰው መጀመሪያ እህል፣ ለታመመ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሰውነትና መንፈስ በአንድ ቤት የሚኖሩ ናቸው፤ አንዱ ሲታሰር ሌላው አይፈታም። ሐዘንተኛ ቤት ስንሄድ እንጀራ ይዘን እንሄዳለን። መልካም ነው። ሰሞኑ ካለፈ በኋላ ግን ባዶ እጃችንንም ቢሆን እንዘርጋለት፤ ይዞት የሚነሣው ይህን ነው። ሐሜቱን ፈርቶ ወደ መደቡ የሚመለስ ሰው ካለ፣ ጥፋቱ የሐዘኑ ብቻ ሳይሆን በአጥር ላይ የምናየው የእኛም ነው።

ብዙዬ ንግግሯን እንደጨረሰች ወደ ይታይሽ ሄደች። በትሯን ለእታገኘሁ ሰጥታ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችላት።

"ነይ የኔ እናት" አለቻት። "እስከ ደጅ ብቻ።"